«ዛሬ በታሪክ» ከገበያ ዜና ጋር፦ ቀኑም ቁጥሩም ከየት ተነሥቶ እንደሚቆጠር

ባሕር ዳር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሱቆች በራቸውን ሲከፍቱ፣ የብዙ ሰው ስልክ ላይ አንድ ዓይነት መልእክት ገብቶ ይጠብቃል። መጀመሪያ «ዛሬ በታሪክ» ይላል፤ ቀጥሎ የዕለቱ የዶላር ምንዛሪ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ የኒውዮርክ ወይም የአዲስ አበባ የአክሲዮን ገበያ ወሬ ይከተላል። ሦስቱ ተከታትለው ስለሚነበቡ አንዱ የሌላው ማስረጃ ይመስላል። በጥቅምት 9 ቀን 2018 እንዲህ የሚል መልእክት ደረሰዎት እንበል፦

«ጥቁር ሰኞ የተባለው የገበያ ውድቀት ዛሬ 31ኛ ዓመቱ ነው። በ1987 በዛሬዋ ቀን የኒውዮርክ ገበያ በ508 ነጥብ ወደቀ። ዛሬም ገበያው 500 ነጥብ ወርዷል፤ የያኔው ተደገመ።»

በእነዚህ ጥቂት መስመሮች ውስጥ ሦስት ስህተትና አንድ አሻሚ ነገር አለ። ዓመቱ ተሳስቷል። «ዛሬ ገበያው ወርዷል» የተባለው ሊሆን የማይችል ነው። ሁለቱን ውድቀት በነጥብ ማወዳደር ትርጉም የለውም። «በዛሬዋ ቀን» የሚለው ደግሞ በአንደኛው የዘመን አቆጣጠር ልክ ሲሆን በሌላው አይደለም። አራቱም ከአንድ ቦታ ይመነጫሉ፤ ጸሐፊው ቀኑም ሆነ ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ እንደተቆጠረ አልጠየቀም።

ዓመቱና ቀኑ

«31ኛ ዓመት» የመጣው ከ2018 ላይ 1987 ተቀንሶ ነው። መድረሻው በእኛ፣ መነሻው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሁለቱንም በአንድ አቆጣጠር ካደረግናቸው 2025 ሲቀነስ 1987፣ ወይም 2018 ሲቀነስ 1980፣ በሁለቱም መንገድ 38 ይሆናል። ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ የተለመደው ነው። በዚሁ መንገድ ዓድዋን የሚያሰላ ሰው ከ2018 ላይ 1896ን ቀንሶ 122 ዓመት ይላል፤ እውነተኛው ግን 130 ነው። ስሌቱ 7 ወይም 8 ዓመት ጎድሎ ሲገኝ አቆጣጠሩ ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ዓመቱን ለመለወጥ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ ከፈረንጆቹ ዓመት 7 ይቀነሳል፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8። ቀኑን ለመለወጥ የእያንዳንዱ ወር 1ኛ ቀን በፈረንጆች ስንት ላይ እንደሚውል ማወቅ ይበቃል። መስከረምና ጥቅምት 11 ላይ ይጀምራሉ፤ መስከረም በሴፕቴምበር፣ ጥቅምት በኦክቶበር። ኅዳርና ታኅሣሥ 10 ላይ፣ ጥር 9 ላይ፣ የካቲት 8 ላይ ይገባሉ። መጋቢት ማርች 10፣ ሚያዝያ ኤፕሪል 9፣ ግንቦት ሜይ 9፣ ሰኔ ጁን 8፣ ሐምሌ ጁላይ 8፣ ነሐሴ ኦገስት 7፣ ጳጉሜን ሴፕቴምበር 6። ከፈረንጁ ቀን ላይ የወሩን መነሻ ቀንሶ 1 መደመር ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተመረቀው ሜይ 11 ቀን 2024 ነው፤ 11 ሲቀነስ 9፣ ሲደመር 1፣ ግንቦት 3 ቀን 2016።

ይህ ስሌት የሚያሳስተው በየአራት ዓመቱ ነው። ምክንያቱን ማንም የባሕር ዳር ሰው ከገና ያውቀዋል። በዘመነ ዮሐንስ ገና በ29 ሳይሆን በታኅሣሥ 28 ይከበራል። ከዚያ በፊት ያለችው ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ወሮች ሁሉ አንድ አንድ ቀን ይገፋሉ፤ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ እንደገና ይገጣጠማሉ። ዘመነ ዮሐንስ መሆኑን ለማወቅ የእኛን ዓመት ለ4 ማካፈል ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 2016 እንዲህ ነበር፤ 2020ም እንዲሁ ይሆናል።

አሁን ጥቁር ሰኞን እንመልሰው። ኦክቶበር 19 ቀን 1987። 1987 ሲቀነስ 7፣ 1980። 1980 ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ስለዚህ ጥቅምት 1 የዋለው ኦክቶበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ነበር። 19 ሲቀነስ 12፣ ሲደመር 1፣ ጥቅምት 8 ቀን 1980። በ2018 ግን ኦክቶበር 19 የዋለው ጥቅምት 9 ላይ ነው። ታዲያ መታሰቢያው በ8 ነው በ9? የኛ ምክር ይህ ነው፦ የውጭ አገር ክስተት በራሱ አቆጣጠር ይታሰብና በየዓመቱ ወደ እኛ ይመለስ፤ የእኛ ክስተት በእኛ ይታሰብ። ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው አንድ ዓመት በ8፣ ሌላ ዓመት በ9 ያስታውሳል፤ ለምን እንደተለያየበትም አያውቅም።

ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን 5 ያሉ ቀኖች ይህ ችግር የለባቸውም። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለበት መጋቢት 24 ሁልጊዜ ኤፕሪል 2 ነው፤ የተመረቀበት ጳጉሜን 4 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 9 ነው። በዘመነ ዮሐንስ የሚገፋው ከመስከረም እስከ ፌብሩዋሪ 28 ያለው ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያ የገበያ ታሪክ ዋና ዋና ቀኖች የሚገኙትም በአብዛኛው በዚሁ ክፍል ውስጥ ነው።

ዓድዋ ግን ለብቻው ማብራሪያ ይገባዋል። በየዓመቱ የካቲት 23 ሲከበር የፈረንጆቹ ቀን ማርች 2 ነው። የታሪክ መጻሕፍት ግን ጦርነቱ ማርች 1 ቀን 1896 እንደተደረገ ይጽፋሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፈረንጆቹ በ100 የሚካፈለውን ዓመት በ400 ካልተካፈለ አንድ ቀን አይጨምሩለትም፤ ስለዚህ በ1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበረም። የእኛ አቆጣጠር ያለ ማቋረጥ በየአራት ዓመቱ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ከ1900 በፊት የነበረው ልዩነት አሁን ካለው በአንድ ቀን ያንሳል። 2000 ለ400 ስለሚካፈል ሁለቱም ወገን ጨምሯል፤ ቀጣዩ መዛነፍ በ2100 ነው፤ ከዚያ ወዲያ የካቲት 23 ማርች 3 ላይ ይውላል።

ይህን ያነሣነው ከገበያ ጋር የሚገናኝ አንድ ቀን ስላለ ነው። የኒውዮርክ ገበያ መለኪያ ሆኖ በየዕለቱ ዜና ላይ የምንሰማው ዳው ጆንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ሜይ 26 ቀን 1896 ነው። ከ1900 በፊት ስለሆነ የግንቦት መነሻ ሜይ 8 ይሆናል፤ 26 ሲቀነስ 8፣ ሲደመር 1፣ ግንቦት 19 ቀን 1888። ዓድዋ ከሆነ ገና 86 ቀኑ ነበር። ቻርልስ ዳው የ12 ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ ደምሮ ለ12 ሲያካፍል ያገኘው 40.94 ነበር።

ሰዓቱ

«ዛሬም ገበያው ወርዷል» የሚለው ለምን ሊሆን አይችልም? ጥቅምት 9 ቀን 2018 እሑድ ነው። ኒውዮርክ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ የሚነገር ቁጥር ሁሉ የዓርብ መዝጊያ ነው።

በሥራ ቀንም ቢሆን ጠዋት ላይ «ዛሬ» የሚባል የኒውዮርክ ዋጋ የለም። ገበያው በእነርሱ ከጠዋቱ 9:30 ተከፍቶ ከሰዓት በኋላ በ4:00 ይዘጋል። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ወቅት፣ ማለትም ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ ይህ በእኛ ከቀኑ 10:30 እስከ ምሽቱ 5:00 ነው፤ የዘጌ ጀልባዎች ተመልሰው በሚታሰሩበት ሰዓት ይከፈታል ማለት ነው። በቀረው ጊዜ በአንድ ሰዓት ዘግይቶ ከ11:30 እስከ ሌሊቱ 6:00 ይሆናል። ስለዚህ ባሕር ዳር ጠዋት የሚነበበው ያደረ ወሬ ነው። ጥቁር ሰኞም የተዘጋው በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነበር፤ እዚህ ብዙ ሰው የሰማው ማክሰኞ ነው።

በዓላቱም አይገጥሙም። የእኛ ገና ሲውል ኒውዮርክ ይሠራል፤ ዲሴምበር 25 እዚህ የሥራ ቀን ሲሆን እዚያ ዝግ ነው።

ነጥብና መቶኛ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ድንጋጤ የሚፈጠረውም ከዚህ ነው።

ነጥብ ማለት የመለኪያው ቁጥር ስንት እንደተንቀሳቀሰ ነው። ብር አይደለም፣ ዶላር አይደለም፣ መቶኛም አይደለም። ዳው ጆንስ ጥቁር ሰኞ ዋዜማ ዓርብ የዘጋው 2,246.74 ላይ ነበር፤ ሰኞ የዘጋው 1,738.74 ላይ። ልዩነቱ 508 ነጥብ ነው። 508ን ለ2,246.74 ሲያካፍሉት 22.6 በመቶ ይሆናል። ከአምስት ብር አንድ ብር ከምናምን በአንድ ቀን ጠፋ ማለት ነው፤ እስካሁን በዚያ መለኪያ ላይ በአንድ ቀን ከታየው ሁሉ ይህ ይበልጣል። በ2018 ጥቅምት ዳው ጆንስ 46,000 አካባቢ ነበር። በዚያ ላይ 508 ነጥብ ቢወርድ 1.1 በመቶ ብቻ ነው፤ በማንኛውም ተራ ቀን የሚከሰት። መጋቢት 7 ቀን 2012፣ በኮሮና ወቅት፣ 2,997 ነጥብ ወርዷል። ቁጥሩ ከ508 ስድስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ መቶኛው ግን 12.9 ነው፤ ከጥቁር ሰኞ በጣም ያንሳል።

ስለዚህ ነጥብ ብቻውን በተነገረ ቁጥር አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ከስንት ላይ? መልሱ ዜናው ውስጥ ከሌለ ያ ዜና ስለ ውድቀቱ መጠን ምንም አልነገረንም።

መቶኛም ቢሆን መነሻው ይቀያየራል። ጣና ዳር አንድ ኪሎ ቆረሶ ዓሣ 200 ብር ይሸጥ ነበር እንበል። በጾም ማግስት ዋጋው በ50 በመቶ ወርዶ 100 ሆነ። ቀጥሎ በ50 በመቶ ጨመረ። ወደ 200 ተመለሰ? አልተመለሰም፤ 150 ነው። ሁለተኛው 50 በመቶ የተቆጠረው ከ100 ላይ ስለሆነ ነው። ግማሹን ያጣ ዋጋ ወደ ቦታው ለመመለስ እጥፍ መሆን አለበት።

ይህ ቀላል ሒሳብ በትልቁ የታየው በእኛ አቆጣጠር በ1922 ነው። ዳው ጆንስ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1929 381.17 ደረሰ። ኦክቶበር 28 በ12.8 በመቶ፣ በማግሥቱ ማክሰኞ ጥቅምት 19 ቀን 1922 ደግሞ በ11.7 በመቶ ወረደ። ብዙ የመታሰቢያ ጽሑፍ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ነገር ግን ትልቁ ጉዳት የደረሰው ቀስ በቀስ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ገደማ ነው። መለኪያው ወለሉን የነካው ጁላይ 8 ቀን 1932፣ በእኛ ሐምሌ 1 ቀን 1924፣ በ41.22 ነው። ከላይኛው ጫፍ 89 በመቶ ወርዶ ነበር። ወደ ቀድሞው ቦታ ለመመለስ 825 በመቶ መውጣት ነበረበት፤ ይህም የሆነው ኅዳር 14 ቀን 1947 ነው፤ ከ25 ዓመት በኋላ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ግድ ይላል፤ ዳው ጆንስ የትርፍ ድርሻን አይቆጥርም። በየዓመቱ የተከፈለው ትርፍ ከተደመረ ባለአክሲዮኑ ገንዘቡን ያገኘው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። «25 ዓመት ፈጀ» የሚለው ለመለኪያው እውነት ነው፤ ለሰዉ ኪስ ግን ሙሉ እውነት አይደለም።

ጥቁር ሰኞ ከ1922ቱ የሚለየው በምክንያቱም ነው። በዚያ ዘመን ትልልቅ ገንዘብ አስተዳዳሪዎች ዋጋ ሲወርድ በራሱ እንዲሸጥ የተዘጋጀ የመከላከያ ስልት ይጠቀሙ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጡ ዋጋው ይበልጥ ወረደ፤ ዋጋው ሲወርድ ስልቱ ሌላ ሽያጭ አዘዘ። ከዚያ ልምድ የተነሣ ዛሬ በአሜሪካ አስገዳጅ የማቆሚያ ደንብ አለ። 500 ትልልቅ ኩባንያዎችን የያዘው ሰፊው መለኪያ በቀን 7 በመቶ ከወረደ ግብይቱ ለ15 ደቂቃ ይቆማል፤ 13 በመቶ ላይ እንደገና ይቆማል፤ 20 በመቶ ከደረሰ ለዕለቱ ይዘጋል። ከየካቲት 30 እስከ መጋቢት 9 ቀን 2012 ባለው ጊዜ ይህ ደንብ አራት ጊዜ ሠርቷል። የቀድሞውን ውድቀት ከዛሬው ጋር «ተደገመ» ብሎ የሚያያይዝ ሰው ይህን ለውጥ ይዘለዋል።

መለኪያው ሲወጣ ሁሉም ይወጣል?

የጣናን ከፍታ የሚያነብ ባለሙያ ሐይቁ ዳር በቆመ ምልክት ላይ አንድ ቁጥር ያያል። ያ ቁጥር የሐይቁን ሁኔታ ይናገራል፤ ርብ ጎርፍ አምጥቶ ፎገራን ማጥለቅለቁን ወይም መገጭ መድረቁን ግን አይናገርም። ወደ ጣና ከሚገባው ውኃ አብዛኛውን የሚያመጡት አራት ወንዞች ናቸው፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግልገል ዓባይ ነው። ትንንሾቹ ጅረቶች ሁሉ ቢቀንሱ ግልገል ዓባይ ከሞላ ሐይቁ ይወጣል።

የገበያ መለኪያም እንዲህ ነው። ሰፊው የአሜሪካ መለኪያ ለኩባንያው ጠቅላላ ዋጋ ክብደት ይሰጣል፤ ጥቂት ግዙፎች ከወጡ ብዙዎቹ ቢወርዱም ቁጥሩ ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል። ዳው ጆንስ ደግሞ አሁን 30 ኩባንያዎችን ይይዛል፤ ክብደት የሚሰጠው ለአንድ አክሲዮን ዋጋ ነው። የአንዱ ኩባንያ አክሲዮን 500 ዶላር፣ የሌላው 50 ዶላር ቢሆን የመጀመሪያው የ1 በመቶ ለውጥ መለኪያውን በአሥር እጥፍ ያንቀሳቅሰዋል፤ ሁለተኛው ኩባንያ በሀብት የቱንም ያህል ቢበልጥ። ይህ የድሮ አሠራር ነው፤ ስሙ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ከሁሉ ፊት መነበቡ ተገቢ አይመስለንም።

የእኛ ገበያና የእኛ ቀኖች

አክሲዮን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የአቢሲንያ ባንክ ሥራ የጀመረው በየካቲት 1898 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር የአክሲዮን መገበያያ መድረክ ነበር። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ደርግ ባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን ወረሰ፤ በተከታዩ ወር ፋብሪካዎች ተከተሉ፤ የሚገበያይ አክሲዮንም አልቀረም።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ልክ 50 ዓመት ከ9 ቀን ነው። በየዓመቱ በታኅሣሥ መጨረሻ «ዛሬ በታሪክ» ሲነበብ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢነገሩ ለአንባቢ ብዙ ይገልጣሉ፤ አንዱን ብቻ የሚያነሣ ግማሹን ይተዋል። ለገበያው መሠረት የሆነው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ነው፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፤ በገበያው መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ሲሆን ገዳ ባንክ ተከተለ።

የመነሻን ጉዳይ በአገራችን ዜናም እንሞክረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ። አንዱ «ዶላር በ30 በመቶ ጨመረ» አለ፤ ሌላው «ብር በ23 በመቶ ወረደ»። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው 17 ብርን ለ57 አካፈለ፤ ሁለተኛው ከ74 ላይ ቆጠረ። ባሕር ዳር ውስጥ ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴን የሚመለከተው 30ው ነው፤ ብር አስቀምጦ ዶላር ያሰበን ሰው የሚመለከተው 23ቱ።

ሌላው የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ነው። ከጥቅምት 6 እስከ የካቲት 7 ቀን 2017 በ300 ብር ሒሳብ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች ለሕዝብ ቀረቡ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር፤ ከፍተኛው 3,333 አክሲዮን፣ 999,900 ብር ነበር። ሽያጩ በቴሌብር ስለነበር ከባሕር ዳር ለመግዛት አዲስ አበባ መሄድ አላስፈለገም። 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዝተው 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ተሰበሰበ። «3.2 ቢሊዮን» ብቻውን ሲነገር ግዙፍ ነው፤ ከቀረበው አንጻር 10.7 በመቶ ነው፤ ለገዢው ሲካፈል በአማካይ 226 አክሲዮን፣ 68,000 ብር ገደማ ይደርሳል። ከዝቅተኛው ሰባት እጥፍ ያህል ስለሆነ የገዛው አነስተኛ ገቢ ያለው ብቻ እንዳልነበር አማካዩ ይጠቁማል፤ አማካይ ግን በጥቂት ትልልቅ ገዢዎች ሊጎተት ስለሚችል ከዚህ አልፎ መደምደም አይቻልም።

የበጀት ዓመቱም መነሻ አለው። የእኛ ባንኮች ሒሳባቸውን የሚዘጉት በፈረንጆቹ ጁን 30፣ በእኛ ሰኔ 23 ነው። የባንክ «የ2017 በጀት ዓመት ትርፍ» ማለት ከሰኔ 24 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 23 ቀን 2017 የተገኘው ነው። ከዚያ ኦዲት ይደረጋል፣ ጠቅላላ ጉባዔ ይጠራል፣ የትርፍ ድርሻው ይወሰናል። ሐምሌ ላይ የሚነገር የትርፍ ወሬ ብዙ ጊዜ ኦዲት ያልተደረገበትና ግብር ያልተቀነሰለት ነው። አክሲዮን የሚገዛ ሰው ማየት ያለበት ኦዲት የተደረገውን ትርፍ በአንድ አክሲዮን ነው፤ ባንኩ ካፒታሉን አሳድጎ ከሆነ ጠቅላላ ትርፉ ጨምሮ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ሊቀንስ ይችላል።

በገበያው መግዛት ለሚፈልግ ጥቂት ተግባራዊ ነጥቦች እንጨምር። የሚያገበያየው ድርጅት ፈቃድ እንዳለው ባለሥልጣኑ ባወጣው ዝርዝር ላይ ያረጋግጡ። ገንዘብ በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ አይላክም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣ ነገሩ እዚያው ማቆም አለበት። ትእዛዝ ሲሰጡ የዋጋ ገደብ ያስቀምጡ፤ «ከዚህ ዋጋ በላይ አልገዛም» ብለው። ገዢና ሻጭ በሳሱበት ገበያ ያለ ገደብ የተሰጠ ትእዛዝ የመጀመሪያውን የተገኘ ዋጋ ይወስዳል፤ እሱም ከትናንቱ በጣም ሊርቅ ይችላል። በማያ ገጽ ላይ የሚታየው «የመጨረሻ ዋጋ» ከቀናት በፊት የተፈጸመ ሊሆን ስለሚችል ከዋጋው አጠገብ የግብይቱን ቀንና የተሸጠውን ብዛት ይመልከቱ። ብዛቱ 10 አክሲዮን ከሆነ «በ5 በመቶ ጨመረ» የሚለው የሚነግረን ስለ አንድ ገዢና አንድ ሻጭ ነው።

አሁን ያንን የጥቅምት 9 መልእክት እንዲህ ማስተካከል ይቻላል፦

«ኦክቶበር 19 ቀን 1987፣ በእኛ ጥቅምት 8 ቀን 1980፣ ዳው ጆንስ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወረደ፤ ከ2,246.74 ወደ 1,738.74። ዛሬ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 38 ዓመት ሆነው። ዛሬ እሑድ ስለሆነ ኒውዮርክ ዝግ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው የዓርብ መዝጊያ ነው፤ ለውጡ የተሰላው ከሐሙስ መዝጊያ ነው። ገበያው ሰኞ ከቀኑ 10:30 ይከፈታል።»